አሪቲ

ከሌሊቱ ስምንት፤ ቢቸና ጭር ብላ፣
ውርጭ የያዘው ቆርቆሮ ሲጠብቅ ሲላላ፣
ገላዬ ብቻዋን በኅዳር ተቃጥላ፣
ብርድ ልብሱን ገፍፌ ቁጭ ብያለሁ።
አንማው ያንኮራፋል።
እንቅልፉን ቢያበድረኝ፣ ባራጣም ቢሆን
እከፍለው ነበረ።

ቀን መዝገብ ቤት ነኝ፣ የወረዳ ፍርድ ቤት።
የወሰን፣ የቀለብ፣ የውርስ ክርክር
ባቧራ ተጠርዞ፣ አይጥ እየቀመሰው
ሃያ ሦስት ዓመት ከኔ ጋራ ኖሯል።
ትናንት የታኅሣሥን ቀጠሮ ለኅዳር ጽፌ
ሁለት ባላገሮች የቀን መንገድ አቋርጠው መጡ።
አልተቆጡም።
ዱላቸውን ተደግፈው ዓይኔን ብቻ አዩት፤
አፈርሁ።

ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ሲስተር ያለምወርቅ
«ስንት ሆነሽ?» አለች።
«አርባ ዘጠኝ» አልሁ፣ እንደ ገበያተኛ ሁለቱን ቀንሼ።
«አበባሽ ከቀረስ?»
«ሁለተኛ ክረምት።»
ሳቅ አለች። የሷም ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል።
«ኪኒኑን እናቆየው። ካመሻሽ በኋላ ቡና ይቅርብሽ።
ስልክሽን ካልጋው አርቂ።
ደግሞ አፍንጫሽን ጠይቂው፤
የሚያስተኛውን እሱ ያውቃል።»

ልጄ ሰላምነሽ ከባሕር ዳር ላከች
ጣት የምታህል ሰማያዊ ብልቃጥ።
«ላቬንደር ነው፣ እማ። ትራስሽ ላይ ሁለት ጠብታ።»
አረግሁ።
ሽታው ደኅና ነው፣ ጨዋ ነው፣
ግን አያውቀኝም።
አዲስ እንደ መጣ ኦዲተር ወንበር ስቦ
ሲያየኝ አደረ።
አንማው አስነጠሰ።

ሐሙስ ከቢሮ ስወጣ፣ ካጥሩ ሥር፣
ዘበኛው ይርዳው ጎንበስ ብሎ ያርማል፤
አሪቲ፣ ደቃቃ፣ አመድማ አረንጓዴ።
አንድ ዘለላ ቀንጥቦ «እንቺ» አለኝ፣
«ዓይንሽ ቀልቷል፤ ሐዘን ነው?»
«አይ፣ እንቅልፍ ነው» ብዬ
በመዳፌ አሸሁት።

ያን ጊዜ
እናቴ።

ከዲማ በታች፣ የጓሯችን በር፣
ጨረቃ እንደ እርጎ ከምድር ፈስሳ፣
አሪቲ ከጆሮዋ ጀርባ ሻጥ አርጋ፣ ነጠላዋን ረስታ፣
ግቢውን ስትዞር፣ ስትዞር፣ ስትዞር።
«እማ፣ ምነው?» ስላት
«ጅብ ነው። ጊደሯን እንዳይነጥቀኝ ነው። ተኚ አንቺ።»
ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ የመጨረሻ ልጇ። አምኜ ተኛሁ።
አርባ ሁለት ዓመት አመንኋት።
ጊደሯ አደገች፣ ወለደች፣ አርጅታ ተሸጠች፤
ጅቡ ግን አንድም ቀን ዱካ ትቶ አያውቅም።

ለካ እሷም ትነድ ነበር። ለካ ማንም አልነበራት
«ስንት ሆነሽ?» የሚላት።
እሳቷን ደብቃ፣ ውርጩን ተከናንባ፣
ቅጠል እያሸተች፣ ስትወጣ ስትገባ፣
ለኔ እንቅልፍ ስትል ጅብ ፈጠረች።

አሪቲውን ካደስ ጋር በነጠላ ቁራጭ ቋጥሬ
ከትራሴ ሥር ከተትሁት።
ብልቃጡንም አልጣልሁ፣ ሰላምነሽ ትከፋለች፤
አንድ ጠብታ ጨመርሁ።
መጀመሪያ ተጣሉ። ኋላ ተስማሙ መሰለኝ።

ተኛሁ ብዬ አልዋሽም።
ስምንት ሰዓት ያው ነው፤ መጥሪያ ሳይደርሰው ይቀርባል።
ግን ዘጠኝ ላይ፣ አንዳንዴ ዘጠኝ ተኩል ላይ፣
አንዲት ሴት በኔ ፈንታ ግቢውን ትዞራለች፤
ኮቴዋን እየቆጠርሁ ሸለብ ያረገኛል።

ቅዳሜ ሰላምነሽ መጥታ አደረች።
በሩን ስከፍት ሰማችኝ።
«እማ፣ ምነው ተነሣሽ?» አለች ከጨለማው።
የናቴ መልስ ከንፈሬ ላይ ደረሰ፤
ቋጠሮውን ከትራሴ አወጣሁና
«ነይ» አልኋት፣ «እዚህ ቁጭ በይ።
ጅብ የለም።»